አካባቢ ከማህፀን ይጀምራል

አንድ ሰው ወደ ራሱ ጾታ የሚሳበው ለምንድን ነው? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ሰዎች ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ «አብሮት የተወለደ ነው» ይላል፤ ገሚሱ «አስተዳደግ ነው» ባይ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የተደረገው ምርምር ያመጣው መልስ ለሁለቱም ወገን አይመችም።

በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ተመራማሪ ዲን ሃመር ወደ ወንድ የሚሳቡ 40 ጥንድ ወንድማማቾችን መርምሮ፣ በኤክስ ክሮሞዞም ጫፍ ላይ የጋራ ምልክት አገኘሁ አለ። ጋዜጦች «ዘረመሉ ተገኘ» ብለው አራገቡት። በ2019 ግን ከ470 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት አንድ ወሳኝ ዘረመል እንደሌለ አሳየ። ያሉት እያንዳንዳቸው እጅግ ጥቂት ድርሻ ያላቸው ብዙ ዘረመሎች ናቸው፤ ተደምረው በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ8 እስከ 25 በመቶውን ያስረዳሉ። የማንንም ደም መርምሮ ዝንባሌውን መተንበይ አይቻልም።

ታዲያ የቀረው «አካባቢ» ነው ይባላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው አካባቢ ሲባል ቤት፣ ጓደኛ፣ ትምህርት ቤት ይታየዋል። በዘረመል ተመራማሪዎች ቋንቋ ግን አካባቢ ማለት ዘረመል ያልሆነው ሁሉ ነው፤ ማህፀንም ጭምር።

የካናዳ ተመራማሪዎቹ ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት በ1996 አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ታላላቅ ወንድሞች በበዙ ቁጥር ታናሽየው ወደ ወንድ የመሳብ ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በእያንዳንዱ ታላቅ ወንድም በሲሶ ገደማ። ታላላቅ እህቶች ግን ይህን ያህል ለውጥ አያመጡም። ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ ስለሆነ፣ ብዙ ታላላቅ ወንድሞች ካሏቸው ወንዶችም አብዛኞቹ የሚሳቡት ወደ ሴት ነው። በ2006 ቦጋርት ነገሩ ከአስተዳደግ የመጣ መሆን አለመሆኑን ፈተሸ። አንድ ጣሪያ ሥር ያደጉ የእንጀራና የጉዲፈቻ ወንድሞች ለውጥ አላመጡም። ከአንድ እናት የተወለዱት ግን አብረው ባያድጉም አመጡ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ሾተላይን የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይከብደውም። በሾተላይ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ በወሊድ ጊዜ ደሙ ከእናቱ ደም ጋር ሲገናኝ ግን ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያመርታል፤ የሚጎዳው ተከታዩ ነው። እዚህም የእናት ሰውነት ወንድ ፅንስ ብቻ ለሚሠራው ፕሮቲን መከላከያ እያበጀ፣ በኋለኛው ወንድ ልጅ የአንጎል ዕድገት ላይ ለውጥ ያመጣል የሚል መላምት ቀርቧል። በ2018 ወደ ወንድ የሚሳቡ ወንዶች ልጆች ባሏቸው እናቶች ደም፣ በተለይ ልጁ ታላላቅ ወንድሞች ካሉት፣ እንዲህ ያለው መከላከያ በዝቶ ተገኝቷል። የተመረመሩት እናቶች ጥቂት ስለነበሩ በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለበት፤ የታላላቅ ወንድሞችን ስሌት ራሱን የሚጠራጠሩ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም አሉ። ስለ ሴቶች ያለው ዕውቀት ደግሞ ገና በጣም ቀጭን ነው፤ ይህ የምርምሩ ትልቅ ጉድለት ነው።

በ1962 አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኧርቪንግ ቢበር ለወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ከልጇ የማትለይ እናትንና ከልጁ የራቀ አባትን ተጠያቂ አድርጎ ነበር። ስንት እናት ይህን ሰምታ ራሷን ስትወቅስ ኖረች! «የቱ ጋ አጥፍቼ ነው?» እያላችሁ ሌሊቱን ለምታነጉ ወላጆች ልናገር የምችለው ይህንን ነው፦ ልጅን የማሳደግ ስልት ዝንባሌን እንደሚወስን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ እስከ ዛሬ አልተገኘም።