ከአርባ በኋላ የወንድ ሆርሞን

ሴት ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናት የወር አበባዋ ይቆማል፣ ሆርሞኗም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሽቆለቁላል። ወንድ ላይ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ወሰን የለም። የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በኋላ የሚቀንሰው ቀስ እያለ፣ በዓመት አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ አብዛኛው ሰው ልብ ሳይለው ያረጃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆኑ ከ3,000 በላይ ወንዶችን መርምሮ እውነተኛ የሆርሞን ጉድለት ያገኘው 2 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር። ድካምና ንጭንጭ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ከጉድለቱ ጋር አብረው የታዩት የወሲብ ፍላጎት መቀዝቀዝ፣ ስንፈተ ወሲብና ጠዋት ጠዋት የነበረው የብልት መቆም መቅረት ናቸው።

ታዲያ ደከመኝ የሚለውን ቀሪውን ሰው ምን ነካው? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቦርጭን ነው። በስብ ውስጥ ያለ አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። እንቅልፍ ማጣትም ቀላል አይደለም፤ በቺካጎ አሥር ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት ያህል ሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። ሌሊቱን ሲያንኮራፋና ትንፋሹ ሲቆራረጥ የሚያድር ሰው ይህን ቢያስብበት አይከፋም።

ምርመራው ራሱ ሰዓት ይመርጣል። ሆርሞኑ ከፍ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ደም የሚሰጠው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቢቻል ቁርስ ሳይበላ ነው፤ ካነሰም በሌላ ቀን ይደገማል። ከሥራ መልስ አመሻሽ ላይ ተመርምሮ «አንሷል» የተባለ ሰው ገና አልተመረመረም ማለት ይቻላል።

የቴስቶስትሮን መርፌ ጉድለቱ በትክክል ለተረጋገጠበት ሰው ይጠቅማል። ነገር ግን ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ቆለጥ ሥራ ይፈታል፣ የወንድ ዘር ማምረትም ይዳከማል። ልጅ ለመውለድ ጉልበት ይሆነኛል ብሎ የሚወጋ ሰው የሚያገኘው ተቃራኒውን ነው፤ ካቆመ በኋላም ዘሩ እስኪመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ደምም ሊወፍር ስለሚችል ክትትል ያሻዋል።

ስንፈተ ወሲብን በሆርሞን ብቻ ማሳበብ ሌላም አደጋ አለው። ወደ ብልት ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ከልብ ቧንቧዎች ይጠብባሉ፤ መደፈን ከጀመረ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም ስለ አልጋ ችግር ሲነገረው ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል የሚለካው ለዚህ ነው።