የሙሽራ ቀሚስ በገዛ እጅ ስለ መስፋት

እኅትዎ ወይም ልጅዎ ልትዳር ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ወጪው በወረቀት ላይ ሲደመር ከቁጥሮቹ መካከል ጎልቶ የሚታየው የልብሱ ዋጋ መሆኑን ሳይታዘቡ አልቀሩም። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተ ሰብ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ለአንድ ቀን ቬሎ ይከራያል፤ አንዳንዱም ጥለት መሳይ ሥዕል በፋብሪካ የታተመበትን ጨርቅ ገዝቶ የአገር ልብስ ነው ይላል። የዛሬው ንግግራችን የተዘጋጀው ሌላም መንገድ እንዳለ ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም ቀሚሱን ከቤተ ሰቡ አንዱ በገዛ እጁ መስፋት ነው። ይህን የምለው በወሬ ሰምቼ አይደለም። የታናሽ እኅቴን ቀሚስ ሰፍቼ፣ አበላሽቼም አርሜም ስላየሁት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቀስ ሳይሆን ከጥጥ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ከፍሬው ተለይቶ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ለእኅቴ ቀሚስ ማጉን የፈተለች እናታችን ናት። ድሩን ግን ከገበያ ገዛን፤ ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ስለሚውል ጥንካሬ ይሻልና ዛሬ ብዙዎች ሸማኔዎች ለድር የፋብሪካ ክር፣ ለማግ የእጅ ፈትል ይጠቀማሉ። እናታችን ዓይኗ እየደከመ በመሄዱ ያን ፈትል ለመጨረስ ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። ስለዚህ ጨርቁ ቢበላሽ የሚተካው ሌላ ፈትል አልነበረም። መቀሱን በያዝሁ ጊዜ እጄ ለምን ይንቀጠቀጥ እንደ ነበረ አንባቢ ከዚህ ይረዳልኛል።

ሸማኔው ጨርቁን ሲያስረክብዎ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ማነሱን አይተው አይቀየሙት። ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው እጁ ስለሚቀበል የጨርቁ ስፋት እጆቹ ከሚደርሱበት ሊያልፍ አይችልም። ይህ በእኛ አገር ብቻ የነበረ ነገር አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1733 ዓ.ም. ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ መወርወሪያውን በገመድ እየሳበ የሚያስፈነጥር መሣሪያ እስኪያወጣ ድረስ በእንግሊዝም ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት ሁለት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። እንግዲህ የእኛ ቀሚስ ጠባብ ጨርቆች ተጋጥመው የሚቆም ልብስ መሆኑን ተቀብሎ መጋጠሚያዎቹ በጎንና በጎን እንዲውሉ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ቁመቱም የሚለካው ሙሽራይቱ በሠርጓ ቀን የምታደርገውን ጫማ ተጫምታ ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው።

ጨርቁ ሳይታጠብ ከቶ አይቆረጥም። ክሩ በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለ ቆየ ውሃ ሲነካው ይላላና ወደ ተፈጥሮ ቁመቱ ይመለሳል፤ እኛም ጨርቁ ተኮማተረ እንላለን። እኔ የተረከብሁት 8 ሜትር ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ በጥላ ከደረቀ በኋላ 7 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሳላጥበው ሰፍቼው ቢሆን ኖሮ ያ 40 ሳንቲ ሜትር የሚጎድለው ከተሰፋ በኋላ ነበር። ለጥለቱም መጠንቀቅ ይገባል። የሚያብረቀርቀው ክር ብዙ ጊዜ ሬዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ሐር ነው፤ ሬዮን ደግሞ ሲረጥብ ጥንካሬው ይቀንሳልና መጭመቅና ማሸት አይወድም። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ጠርዝ ላይ ጫን አድርጎ ማየት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ በርካሽ አቡጀዲ የሙከራ ቀሚስ ይሰፋል። ስፌቱ ረጃጅም ሆኖ የሚሸለል ብቻ ስለ ሆነ አንድ ምሽት አይፈጅም። እኅቴ ያን አቡጀዲ ለብሳ በመስተዋት ፊት ስትቆም «ከፈን መሰልሁ» ብላ ሳቀች፤ እናቴ ግን በሠርግ ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም ብላ ተቆጣቻት። ሆኖም በብብቱ ስር መጥበቡን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ስለ ስሕተቴ ልናገር። የአንገቱን ዙሪያ በሜትር ለክቼ፣ በሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጌ፣ ልክ በምልክቱ ላይ ቆረጥሁት። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ በስፒል ስይዘው ግን አንገቱ ወለል ብሎ ተከፈተ። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ክብ ነገር ጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሲሸሽ ዙሪያው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ የአንገት ቀዳዳ ሲቆረጥ የሚታጠፈውን ያህል መጥበብ ነበረበት። በትምህርት ቤት የክብን ሕግ በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ በልብስ ላይ እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረኝም።

ሠርጉ ሊደርስ 12 ቀን ቀርቶት ነበር። ጨርቁን ጭኔ ላይ እንደ ዘረጋሁት አለቀስሁ። እናቴ ከውጭ ገብታ በጣቶቿ ዳብሳ ካየችው በኋላ «የፈተልሁት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ! ይልቅስ ትራፊውን አምጪው» አለችኝ። ከትራፊው ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ አወጣን። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ቁራጩ የሚወጣው በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሳይሆን ከጥግ ወደ ጥግ ነው። በዚያ አቅጣጫ ጨርቅ ስለሚለጠጥ በክብ ነገር ዙሪያ ሳይጨማደድ ይተኛል። ቁራጩን በአንገቱ ዙሪያ ገጥመን በላዩ ጥልፍ ጠለፍሁበት። ኋላ ያዩት ሰዎች ሆን ተብሎ የተደረገ መስሏቸው አመስግነውታል፤ እኔም አላረምኋቸውም።

ስለ ስፌቱ ብዙ የምለው የለኝም። ክሩ ከክንድ ርዝመት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅም ክር ይቋጠራል። ረዣዥሙን ስፌት በመኪና መስፋት ነውር አይደለም፤ አንገቱን፣ እጅጌውንና ጥለቱ የሚጋጠምበትን ስፍራ ግን በእጅ መስፋት ይሻላል፤ የእጅ ሽመና ውፍረቱ እኩል ባለ መሆኑ መኪናው በሚያልፈው እብጠት ላይ እጅ ቆም ብሎ ማስተካከል ይችላል። የታችኛው ጠርዝ የሚዘመዘመው ደግሞ በመጨረሻ፣ ቀሚሱ ተሰቅሎ ካደረ በኋላ ነው፤ ጨርቁ በክብደቱ ይወርዳልና። እኔ ከቢሮ መልስ ስሠራ 23 ምሽት ወስዶብኛል።

ለጥር ሠርግ የሚያስቡ ሁሉ ጥጡን ከሐምሌ ሳያሳልፉ ቢጀምሩ፣ ሸማኔውንም እስከ መስከረም ቢነጋገሩ መልካም ነው፤ በታኅሣሥ ሸማኔም ልብስ ሰፊም ፋታ የለውም። ከሠርጉ በኋላ ቀሚሱ ሳይታጠብ በሣጥን አይቀመጥ፤ ያልታየ የጠጅ ጠብታ ከወራት በኋላ ወደ ቡናማ ይለወጣል። በፕላስቲክም አይጠቅልሉት፤ እርጥበት ያፍንበታል። የእኅቴ ቀሚስ ዛሬ የተጠቀለለው ያ «ከፈን» ተብሎ በተሳቀበት አቡጀዲ ነው፤ በየዓመቱም እጥፋቱ በአንድ መስመር ክሩን እንዳይበላው አውጥተን በሌላ በኩል እናጥፈዋለን።