ሮዳጅ ያልጨረሰው ሙሽራ!

ዛሬ ስለ ፍቅር ላጫውታችሁ ነበር ሐሳቤ። ምን ያደርጋል፣ ፍቅሩ ዲፈረንሻል ውስጥ ገባብኝ!

ነገሩ የሆነው በሚያዝያ 2010 ዓ.ም ነው፤ ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው። አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ስሙን ተዉት። ያለው ንብረት አንዲት ዲኤክስ ናት። መቼም የከተማችንን ወጣት ታውቁታላችሁ፤ ፈረንጁ “ፌራሪ” ሲል የኛ ልጅ “ዲኤክሴ” ነው የሚለው። ጥፋትም የለበት። ሞተሯ ከፊት፣ ጉልበቷ ከኋላ ነው። ጃፓኖች በሸርተቴ ውድድር ያነገሷት ኤኢ 86 እንኳ የዚህችው ቤተሰብ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህማ ዲኤክስ ያለው ሰው ጠበቅ አድርጎ ነው የሚይዛት።

ወዳጄ የከሚሴ ልጅ ወዷል። ሽማግሌ ሄዶ፣ እሺታ ተገኝቶ፣ የቀረው ስጦታውን ይዞ ኒካሁን ማሰር ነው። ታዲያ ሙሽራ በተልፈስፋሽ መኪና ይሄዳል እንዴ? “ቶሎ እንድትነሳልኝ” ብሎ የዲፈረንሻሏን ጥርስ አስቀየረ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ከኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለችው ድቡልቡል ቤት ውስጥ ሁለት ጥርሶች አሉ፤ ትልቁ ኮሮና፣ ትንሹ ፒኞን። የኮሮናውን የጥርስ ቁጥር ለፒኞኑ ስታካፍሉት የመኪናዋ ጠባይ ይወጣል። 39 ለ10 ሲካፈል 3.9፣ 43 ለ10 ደግሞ 4.3። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቶሎ ትነሳለች፣ ዳገት ትደፍራለች። ግን ሞተሯ ይጮሃል፣ ቤንዚን ትጠጣለች። የፍጥነት መቁጠሪያዋም ውሸታም ይሆናል፤ የሚቆጥረው ከካምቢዮው ስለሆነ “100” እያለ በእውነት የምትሄዱት 91 ገደማ ነው። ወዳጄ 4.3ቱን ነው ያስገባው።

መካኒኩ ጨዋ ሰው ነበር። ሁለቱንም ጥርሶች አንድ ላይ ቀየረ። እነዚህ ፋብሪካ ውስጥ ተፋጭተው የወጡ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ ሙሽራውን ከአንዱ ሰርግ፣ ሙሽሪትን ከሌላው ሰርግ እንደማምጣት ነው። ኩሽኔታዎቹን አደሰ። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ አዞረና ምልክቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ማረፉን አየ። በመጨረሻ እንዲህ አለው፦

“አደራ ወንድሜ! ሃያ ደቂቃ ነድተህ አቁማት፣ ትቀዝቅዝ። ደግመህ እንደዛው። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ጭነት የለም፣ ሩጫ የለም። ከዚያ ዘይቷን ቀይር፤ ጂኤል 5 የሚል ይሁን።”

“እሺ” አለ። ይህ የተባለው ሐሙስ ማታ ነው። ዓርብ ጎህ ሲቀድ አራት ሰው፣ ሦስት ሻንጣና አንድ ምንጣፍ ሆነን ወጣን። ለምን ቢሉ፣ ጁምዓን ከሚሴ ልንሰግድ! እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፣ አልክድም።

ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር፣ ለሽንት እንኳ አልቆምንም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ስናልፍ ቁልቁለቱ ጀመረ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስቶ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ መውረድ ነው። ወዳጄ በማርሽ እየያዘ ለቀቃት። ያኔ ያላወቅነው ነገር ቢኖር፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ስትይዙ ጥርሶቹ የሚገፋፉት በጀርባቸው ነው። አዲስ ጥርስ ገና ሻካራ ነው፤ ሲፋጭ ይግላል። ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል። ዘይቱ ሲቀጥን ብረት ብረትን ይበላል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ከኋላ “ኡ... ኡ...” የሚል ነገር ተሰማ። ነዳጅ ሲሰጥ ዝም፣ እግሩን ሲያነሳ ኡኡታ! ምን አደረገ መሰላችሁ? ሙዚቃውን ጨመረ። ሰንበቴን፣ አጣዬን በጩኸት አለፍናቸው። ሽታውንስ በምን እንሸፍነው?

ከሚሴ ስንገባ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የልጅቱ አባት ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። እንግዳ ሊቀበሉ የወጡ መስሎን ነበር። ለካ ሰውዬው በባቲ በኩል አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ የፊያት ኤንትሬ ሹፌር ናቸው፤ ጩኸቱን ከመንገዱ ማዶ ሰምተውታል። ሰላምታ ሳይጨርሱ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ዲፈረንሻሏ አስጠጉና መለስ አደረጉት።

“ልጄ፣ ይሄን መቼ ነው ያስገባኸው?”

“ትናንት ማታ፣ አባባ።”

ዝም አሉ። ከአስር ተኩል በኋላ፣ ስትበርድ፣ ከሥር ያለውን ቡሎን አስፈትተው ዘይቱን በሳፋ ተቀበሉት። ግራጫ ዱቄት ቢሆን ደግ ነበር፤ አዲስ ጥርስ ይህን ያህል ይጥላል። የወጣው ግን ጣት የሚወጋ ስባሪ ነው። አንዱን አንስተው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

“ልጄን አልከለከልኩህም። 800 ኪሎ ሜትር መታገስ ያቃተው ሰው ግን ዛሬ ኒካህ አያስርም። አዲስ አስገባ፣ ሮዳጁን ጨርስ፣ ከዚያ ና።”

ልጅቱ ከበሩ ኋላ እንባዋን ስትጠርግ አይቻለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ “አብሽር!” ይለዋል፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። በማግስቱ መኪናዋን ኢሱዙ ላይ ጭነን ተመለስን።

ወዳጄ ሁለተኛውን ጥርስ ለመግዛት ቴሌቪዥኑን ሸጠ። ረመዳንን ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየነዳ፣ እያቆመ ከረመ። ጓደኞቹ “ሽማግሌው” አሉት። ኢድ ካለፈ በኋላ 480 ኪሎ ሜትር ሞልታለት እንደገና ወጣን፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሻንጣ፣ በ60። አምስት ቦታ ቆመናል። ምንጣፉ በአውቶቡስ ሄደ።

አባትየው እንደ በፊቱ ደጃፍ ላይ ነበሩ። ጆሯቸውን ጣል አደረጉ፤ ምንም የለም።

“ዘይቱን የት ቀየርከው?”

“ገና ነው አባባ፣ 800 የሞላችው አሁን እዚህ በር ላይ ነው። አዲሱ ዘይት ሻንጣ ውስጥ አለ።”

ሰውዬው ወደ ግቢው ዞረው “ያቺን ሳፋ አምጪ!” ብለው ልጃቸውን ጠሩ።