ከመቅደላ የወጡ ወፎች፣ አራት ኪሎ ያሉ ቅጠሎች

መቅደላ ሲነሳ የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍና የተዘረፉትን የብራና መጻሕፍት የማያነሳ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሌላ ሥራ ይዞ የመጣ ሰው እንደነበር ግን እምብዛም አይወራም። ዊሊያም ብላንፎርድ ይባላል፤ የሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። ወታደሩ መድፍና ስንቅ ሲያጓጉዝ እሱ ከባሕር ጠረፍ እስከ መቅደላ አለት እየሰበረ፣ ወፍ እየመታና ቆዳ እየገፈፈ ይጓዝ ነበር። ያየውንና የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. በ1870 ለንደን ላይ በመጽሐፍ አወጣው። የደጋውን የእሳተ ገሞራ አለት ለሁለት ከፍሎ አንዱን በአሸንጌ፣ ሌላውን በመቅደላ ስም የጠራው እሱ ነው፤ ስያሜው በሥነ ምድር ጽሑፎች ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። የአገራችን አንዲት ትንሽ ወፍም በእሱ ስም ትጠራለች።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይዘዋቸው ከነበሩትና በዚያው ሰሞን ከተፈቱት አውሮፓውያን መካከል ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ብዙውን ዕድሜውን ዕፅዋት ሲቆርጥና ሲያደርቅ ኖረ። ያደረቃቸው ቅጠሎች በጥቅል በጥቅል ሆነው ለአውሮፓ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ተሸጡ። ከአገራችን ዕፅዋት የብዙዎቹ ሳይንሳዊ ስም መነሻ የሆነው ቅጠል ዛሬም የሚገኘው በአውሮፓ መደርደሪያዎች ላይ ነው።

እነዚህ ስብስቦች ሲጀመሩ የአገሬው ሰው እንዲያያቸው ያሰበ አልነበረም። አገር ውስጥ የተደራጁትንም ቢሆን ብዙ ሰው መኖራቸውን እንኳ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲዎች የናሙና ክፍላቸውን ለሕዝብ መክፈት ግዴታቸው ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ናሙና ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ናሙና ከተፈጥሮ ተወስዶ እንዳይበሰብስ ተደርጎ የተቀመጠ ነገር ነው። የደረቀ ቅጠል፣ በጥጥ የተሞላ የወፍ ቆዳ፣ የራስ ቅል፣ በመርፌ የተወጋ ቢራቢሮ፣ አልኮል ውስጥ የተነከረ እንቁራሪት፣ አንድ ቁራጭ አለት ሁሉ ናሙና ነው። ከተራ ጌጥ የሚለየው አብሮት ያለው መለያ ወረቀት ነው። ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተወሰደና ማን እንደወሰደው ያልተጻፈበት የአውሬ ቆዳ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምር ይሆናል እንጂ ለጥናት አይረባም።

አንድ የኮሶ ናሙና እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው ዛፍ ይለያያል። ሴቴው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ያንጠለጥላል፤ እናቶች ለመድኃኒት የሚመርጡትም እሱን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ከሁለቱም ዛፍ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ቅርንጫፉን በጋዜጣ መሐል ይዘረጋዋል፤ ቢያንስ አንዱ ቅጠል ጀርባው እንዲታይ ይገለብጠዋል፤ ምክንያቱም የቅጠል ጀርባ ፀጉሩና ሥሩ ከፊቱ የተለየ ነው። ከዚያ በእንጨት ርብራብ መካከል አድርጎ በጠፍር ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። እርጥብ ጋዜጣ በየቀኑ በደረቅ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ ቅጠሉ ይሻግታል። ሲደርቅ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ይለጠፋል ወይም በክር ይሰፋል። ከሥሩ በምትለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ሳይንሳዊ ስሙ፣ የአካባቢው መጠሪያ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ሕዝቡ ለምን እንደሚጠቀምበት ይጻፋል። ነቀዝና ብል ይዞ እንዳይገባም መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት በበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል።

በዚያች ወረቀት ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የሰብሳቢው ስም በጉልህ ይጻፋል። «ይኼ ኮሶ ነው፣ ያኛው አሜጃ ነው፣ ይኼንን ለከብት ቁስል እናደርገዋለን» ብሎ የነገረው እረኛ ወይም ባልቴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ የለም። ዕውቀቱ ገብቷል፤ ባለ ዕውቀቱ በር ላይ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ማዕከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ጋር የተያያዙ ሁለት ስብስቦች አሉት፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር ሲሆን፣ ሌላው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። ሄርባሪየሙ ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ቆይቶ በ2009 ስምንተኛውን ቅጽ ይዞ ጨረሰ። ከአዘጋጆቹ መካከል ኢንጋ ሄድበርግ፣ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና እንሰርሙ ቀልቤሳ ይገኙበታል። መጽሐፉ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋትን ይዟል፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከዚህ አካባቢ ሌላ የትም አይበቅልም። አገሩን በዕፅዋት ክፍለ ሀገሮች ሲከፋፍል የወሎን ደጋ ራሱን ችሎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ የወሎዎቹ የቦረናና የሳይንት ወረዳዎች ቅጠል ሁሉ በዚያ ውስጥ ቦታ አለው። ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ለባለሙያ የተጻፈ ነውና በዚያው በቦረና ያለችው የመካነ ሰላም ከተማ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አያነበውም። እሱን የሚያገኘው በዓይኑ የሚያየው ናሙናና ቆሞ የሚያስረዳው ሰው ነው።

«የደረቀ ቅጠልና የሞተ ወፍ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። እንግሊዝ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአንድ የጭልፊት ዘር ቁጥር ማሽቆልቆል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ዴሪክ ራትክሊፍ የተባለ ተመራማሪ ቀድሞ የተሰበሰቡ የዚያን ወፍ እንቁላሎች ከአዲሶቹ ጋር ሲያነጻጽር ቅርፊቱ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መሳሳቱን አገኘ። ምክንያቱ ዲዲቲ ነበር። እንቁላሉን ያስቀመጡት ሰዎች ስለ ፀረ ተባይ መርዝ አላሰቡም፤ ቀንና ቦታ ጽፈው ስላስቀመጡት ብቻ ከዓመታት በኋላ መርዙን አጋለጠ።

የእኛ አገር ምስክር ደግሞ እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። በኋላ ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያነጻጸሩ የትኛው ይበልጥ እንደሚሠራ ለዩ፤ 44 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ታዋቂ ሆነ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ነገሩ የተጀመረው ወንዝ ዳር ከልብስ አጣቢዎች ዘንድ መሆኑን ልብ በሉ። ምሁሩ ሕዝቡ የሚያደርገውን ቆሞ ማየቱና ናሙናው በሥርዓት መሰብሰቡ ባይገናኙ ኖሮ ግኝቱ አይኖርም ነበር።

ወደ መቅደላ አካባቢ፣ ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል እንመለስ። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ክልል እምብርት ነው። ከታች ወይራና ጽድ፣ ወደ ላይ ኮሶና አሜጃ፣ ከዚያም በላይ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ ይገኙበታል። ጭላዳ፣ ድኩላና ሰስ ይኖሩበታል። ከሁሉ በላይ ግን በዓለም ላይ የጎለመሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጠው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ እዚህ ናቸው።

እረኛው ቀይ ቀበሮን በክፉ ዓይን ቢያይ አይፈረድበትም፤ ግልገል አልፎ አልፎ መውሰዱ እውነት ነው። የንግግር ምክር ብቻ ይህን አመለካከት አይለውጥም። አንድ የቀይ ቀበሮ ራስ ቅል ከውሻ ራስ ቅል ጎን ብታስቀምጡለት ግን ራሱ ይመረምረዋል። የቀበሮው አፍንጫ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጥርሶቹ ትንንሽ ሆነው በመካከላቸው ክፍተት አለ። ከጉድጓድ አይጥ ጎትቶ ለማውጣት የተሠራ መንጋጋ ነው። ዋና ምግቡም የደጋው አይጥና ፍልፈል ነው። ያው ራስ ቅል ሌላም ነገር ለማስተማር በር ይከፍታል፦ ቀይ ቀበሮን በጅምላ ከሚፈጁት አንዱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያ በሽታ ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ስለ ውሻ ክትባት በገበያ ቀን ሲወራ አጠገቡ ናሙና ቢኖር ወሬው ፍሬ ይኖረዋል። ለዚህ ተብሎ አውሬ መግደል አያስፈልግም፤ ሞቶ የተገኘውን በሕጋዊ ፈቃድ ማስቀመጥ ይበቃል።

ናሙናን ለሕዝብ ማሳየት የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቀድሞ ቆዳዎች ብል እንዳይበላቸው በአርሰኒክ ይታሹ ስለነበር የቆዩ የታጨቁ እንስሳት አይነኩም፤ ልጆች እንዲዳስሱ የሚፈቀድላቸው አጥንት፣ ቀንድ፣ ፍሬና ላባ ለብቻ መዘጋጀት አለበት። ዋናው ስብስብም ከመደርደሪያው ወጥቶ አይዞርም። ለትምህርት ቤትና ለገበያ የሚሄደው ትርፍ ናሙና ነው። ማብራሪያውም በአካባቢው ቋንቋ ትልቅ ሆኖ ይጻፍ።

ሰው የሚጠራጠርበት ምክንያትም አለ። የባህል ሐኪሙ ቅጠሉን ቢያሳይ ዕውቀቱ ተወስዶ ሌላ ሰው እንዳይከብርበት ይሰጋል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ በጤፍ ላይ በሆላንድ አገር አንድ ኩባንያ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ መብቱ ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ነው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድና ጥቅሙ እንዲጋራ ይደነግጋል። ዩኒቨርሲቲ ወደ ሕዝብ ሲወጣ ይህን መብት ቀድሞ ማስረዳት አለበት። ፈቃድ የሰጠው ሽማግሌ ስሙ በመለያው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ከፈለገ ይጻፍለት፤ ምስጢሬ ነው ያለውም ምስጢሩ ይከበርለት።

ሕዝብ የሚያውቀው ስብስብ ጠባቂም አያጣም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም በ200ኛ ዓመቱ ተቃጠለ። ከ20 ሚሊዮን ገደማ ቅርሶቹ አብዛኞቹ አመድ ሆኑ። ተማሪዎች ባደረጉት ጥሪ ጎብኚዎች የነበሩ ሰዎች በስልካቸው ያነሷቸውን ፎቶዎች ላኩ። ማንም ገብቶበት የማያውቅ ክፍል ቢቃጠል ፎቶም አይገኝለትም።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ደንቆሮ ጫካን የመሰለ ቤተ ሙከራ ደጃፋቸው ላይ ነው። ለመጀመር ትልቅ ሕንፃ አያሻም፤ ደረቅ ክፍል፣ የሚቆለፍ ቁምሳጥን፣ የዕፅዋት መጫኛ ርብራብና በየዓመቱ የማይቋረጥ አነስተኛ በጀት ይበቃል። ከእያንዳንዱ ዕፅ ሁለት ሁለት ተወስዶ አንዱ ለብሔራዊ ሄርባሪየም ይላክ፣ አንዱ እዚያው ይቅር። በወር አንድ ቀን በሩ ለማንም ይከፈት።

መምህራንም እስከዚያ መጠበቅ የለባችሁም። ከትምህርት ቤታችሁ ግቢና ከአጥር ሥር ከሚበቅለው ጀምሩ፤ ከፓርኩ ክልል ግን ያለ ፈቃድ አንድ ቅጠል እንኳ አይቆረጥም። የቆየ ጋዜጣና ከባድ ድንጋይ በቂ መጫኛ ነው። ልጆቹ የቅጠሉን ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና የነገራቸውን ሰው ስም ጽፈው ይለጥፉ። ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሁሉ ደግሞ አራት ኪሎ ስትደርሱ የእንስሳቱን ሙዚየም ጠይቃችሁ ግቡ፤ ልጆቻችሁንም አስገቡ።