ሕመም የሌለው የሽንት ደም እና የኩላሊት ካንሰር

ባቲ ቆላ ነውና ሽንትዎ ቀልቶ ሲያዩ «ሙቀቱ ነው፣ ወይ ጠጠር ይሆናል» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ጠጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎንን ክፉኛ ያሳምማል። ያለ ሕመም የመጣ ደም፣ አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋም እንኳ፣ የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ይፈልጋል።

የኩላሊት ካንሰር ካልተሰራጨ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ጤነኛ ከሆነ የቀረው አንድ ኩላሊት ይበቃል። ለተሰራጨው እንክብሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ፣ ሐኪሙ ዊሊያም ኬሊን፣ ቪኤችኤል የሚባለው ጂን ሲበላሽ ሕዋሱ ኦክስጅን ያጠረው መስሎት አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት ምልክት እንደሚልክ አሳይተዋል። ብዙዎቹ እንክብሎች የሚያግዱት ይህንኑ ምልክት ነው። በሽታውን ይገቱታል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አያድኑም፤ ስለዚህ ወደ ደሴ ሪፈር ከተጻፈልዎ የሰኞ ገበያ እስኪያልፍ አይቆዩ።