ዲበገርን ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ማሻገር፦ የማቆሚያ ነጥብ ጉዳይ

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 5 ለሚገኙ ተጠቃሚዎች አማርኛን፣ ሶማልኛንና ዓረብኛን የያዘ መዝገበ ቃላት በኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ባለው ስልክ እንዲሠራ ተፈለገ እንበል። ፕሮግራሙ ሲሳሳት የስሕተቱ ስፍራ የሚታወቀው ዲበገር በተባለው መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ዲበገሩም አብሮ መሻገር አለበት።

አብዛኛው የዲበገሩ ክፍል ሳይለወጥ ይሻገራል። የሬጅስተሮች ስምና ቁጥርም በሌላ ዝርዝር ይተካል። የሚያሳስተው የማቆሚያ ነጥብ ነው። ዲበገሩ በተፈለገው ስፍራ ያለውን ትእዛዝ አንሥቶ በምትኩ የማቆሚያ ትእዛዝ ያኖራል። በኢንቴል ይህ ትእዛዝ 1 ባይት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲቆም ጠቋሚው ትእዛዙን አልፎ ስለሚገኝ ዲበገሩ ከአድራሻው 1 ይቀንሳል። በ64 ቢቱ ኤአርኤም ግን ትእዛዙ 4 ባይት ነው፤ ጠቋሚውም በትእዛዙ ላይ እንዳለ ይቀራል። የመቀነሱ ደንብ ሳይታረም ከተሻገረ፣ ዲበገሩ በቀደመው ትእዛዝ ውስጥ እንደቆመ ይቈጥራል፤ ራሱ ያኖረውንም ማቆሚያ አያውቀውም።

ነገሩ ለሥነ ልሳን ሰው እንግዳ አይደለም። የእሙርነት ምልክት በአማርኛ «ቤቱ»፣ በሶማልኛም «ጉሪጋ» ሲባል ድኅረ ቅጥያ ነው፤ በዓረብኛ «አልበይት» ሲባል ግን ቅድመ ቅጥያ ነው። ከአማርኛ ወደ ሶማልኛ ያለ ችግር የተሻገረ ደንብ በዓረብኛው ቃል መጨረሻ ላይ የሌለ ምልክት ይፈልጋል። ትርጉሙ አንድ ሆኖ ስፍራው ይለያል።

እንግዲህ ዲበገር የሚያሻግር ሰው ትእዛዙ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን፣ ካደረገ በኋላ ጠቋሚው የት እንደሚቀር አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።