ሁለተኛው መዝገብ ሥራውን የሚረከብበት ሥርዓት

በሐይቅና በአምባሰል የሚሠራ ነጋዴ ዛሬ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን በስልክ ሲቀበል፣ ሒሳቡ የሚመዘገበው በሱቁ መሳቢያ ውስጥ ባለው ደብተር ሳይሆን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ በሚገኝ ማእከላዊ መዝገብ ላይ ነው። እህሉ ተሰፍሮ፣ ጆንያው ታስሮ፣ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው ሳለ ያ መዝገብ መልስ መስጠት ቢያቆም ሽያጩ በዚያው ይቆማል። ዕቃው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የደረሰለት አስመጪም ዲክላራሲዮኑ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያልፍ በመሆኑ ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም።

መዝገቡ ዳታቤዝ፣ መዝገቡን የሚይዘው መኪና ደግሞ ሰርቨር ይባላል። ማናቸውም መኪና አንድ ቀን መበላሸቱ የማይቀር ስለ ሆነ፣ ሥራቸው እንዲቋረጥ የማይፈልጉ ድርጅቶች ከዋናው ሰርቨር ሌላ አንድ ተጠባባቂ ያቆማሉ። በዋናው ላይ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሒሳብ ወዲያው ወደ ተጠባባቂው ይላካል፤ ዋናው ሲወድቅም የሰው እጅ ሳይጠበቅ ተጠባባቂው ሥራውን ይረከባል። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የነገሩ ክብደት ያለው ግን በርክክቡ ፍጥነት አይደለም፤ ዋናው በእርግጥ መውደቁን በማወቅ ላይ ነው።

ሁለቱ ሰርቨሮች በየጥቂት ሴኮንዱ እርስ በርሳቸው «አለሁ» እየተባባሉ ይኖራሉ። ይህ ድምፅ ሲጠፋ ተጠባባቂው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል፤ ወይ ዋናው ሞቷል፣ ወይም በመካከላቸው ያለው መስመር ተቈርጧል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ወንድሙ ወደ ባቲ ገበያ ሄዶ ወሬው የጠፋበት ነጋዴ፣ ወንድሜ ሞቷል ብሎ የጋራ ዕቃቸውን በሐይቅ ቢሸጥና ያም በሕይወት ቆይቶ ያንኑ ዕቃ ባቲ ላይ ቢያስማማው የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ሁለት ደረሰኝ፣ ሁለት ገዢ፣ አንድ ዕቃ ይሆናል። ሁለት ሰርቨሮችም በአንድ ጊዜ «ዋናው እኔ ነኝ» ካሉ፣ በአንዱ ላይ የተከፈለው ገንዘብ በሌላው ላይ እንዳልተከፈለ ሆኖ ይቀመጣል።

የአምባሰል ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ፣ ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የጸኑ ሆነው ተቈጠሩ። በ17ኛው አንቀጽ ግን አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ ኢጣልያንኛው ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ሁለት ዋና መዝገቦች ተለያዩ፤ ነገሩም የተፈታው ከአድዋ ጦርነት በኋላ በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ነው። የሰርቨሮች መለያየት ደም አያፈስስም፤ ይሁን እንጂ የሁለቱን መዝገብ ልዩነት አንድ በአንድ እያስታረቀ ሌሊቱን የሚያነጋ የሒሳብ ሠራተኛ ነገሩ ቀላል ነው አይልም።

ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ይህ ምስክር ሒሳቡን የግድ መያዝ የለበትም፤ ሥራው ድምፅ መስጠት ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል፤ ከሁለቱም ተለይቶ ብቻውን የቀረው፣ ምንም እንኳ ደኅና ቢሆን፣ ራሱ በሩን ዘግቶ መቀመጥ አለበት። ፖስትግሬስ የተባለው በነጻ የሚገኝ ዳታቤዝ ይህን ርክክብ በራሱ ስለማይፈጽም፣ ፓትሮኒ የሚባለው ረዳት ፕሮግራም ብዙ ጊዜ አብሮት ይሠራል። አሠራሩ እንደ ሱቅ ኪራይ ነው። የሹመቱ ቁልፍ በተለየ ስፍራ፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ሰርቨሮች ላይ፣ ይቀመጣል። ዋናው በተለመደው አቋሙ በየ10 ሴኮንዱ ኪራዩን ያድሳል፤ 30 ሴኮንድ ሳያድስ ከቈየ ቁልፉ ይወድቅና ተጠባባቂው ያነሣዋል። ማደስ ያቃተው ዋና ሰርቨር ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ከሹመቱ ራሱ ይወርዳል።

ምስክር መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ የሚሾመው ተጠባባቂ የቱ እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ጊትሀብ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ላይ የደረሰው ለዚህ ማስረጃ ነው። በአገሪቱ ምሥራቅ የሚገኙት መሣሪያዎቹ ለ43 ሴኮንድ ብቻ ግንኙነታቸው ተቋረጠ። ድምፅ ሰጪው ሥርዓት እንደ ታዘዘው በምዕራብ ያለውን ተጠባባቂ ሾመ። ነገር ግን ወደ ምዕራብ ያልተላኩ ጽሑፎች በምሥራቅ ቀርተው ስለ ነበር፣ አዳዲስ ጽሑፎችም በምዕራብ ስለ ተጨመሩ፣ አንዱን በሌላው ላይ መመለስ የማይቻል ሆነ። የ43 ሴኮንዱ መቋረጥ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ የተጓደለ አገልግሎት አስከተለ።

እንዲህ ያለውን መለያየት ለማስቀረት፣ ተጠባባቂው «ጽፌአለሁ» ሳይል ዋናው ለደንበኛው «ተከፍሏል» እንዳይል ማድረግ ይቻላል። ዋጋው መዘግየት ነው። ብርሃን በመስታወት ሽቦ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 4 ሺህኛ የሴኮንድ ይወስዳል። ለአንድ ሱቅ ይህ ምንም አይደለም፤ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ሒሳብ ለሚጽፍ ባንክ ግን ይሰማል። ተጠባባቂው ሲጠፋም ዋናው ሥራ ያቁም ወይስ ብቻውን ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ገንዘብ የሚይዝ ድርጅት ማቆምን ቢመርጥ ይሻለዋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የርክክብ ጉድለት አልነበረም፤ ብሔራዊ ባንክ ከሥርዓቱ ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ሆኖም ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡ አድረው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ያለ አግባብ መውጣቱ፣ ተዘግቶ ከሚያድር ይልቅ ተሳስቶ ክፍት የሚያድር መዝገብ የከፋ መሆኑን ያሳያል።

ተጠባባቂ ሰርቨር ግን ቅጂ አይተካም። በዋናው ላይ በስሕተት የተሰረዘ ነገር በዚያው ሴኮንድ ከተጠባባቂውም ይሰረዛልና። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የ13ኛው ምእተ ዓመት የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ከጊዜ በኋላ በማይክሮፊልም ተነሥቶ፣ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኔሶታ ይገኛል። ያ ፊልም በገዳሙ ቅዳሴ ሊነበብበት አይችልም፤ ወንጌሉ ላይ አደጋ ቢደርስ ግን ጽሑፉ አይጠፋም። የነጋዴ መዝገብም በየቀኑ ተቀድቶ ከሱቁ ውጭ የሚቀመጥ እንዲህ ያለ ቅጂ ያሻዋል።

ለአንዲት ሱቅ ይኸው ዕለታዊ ቅጂና የወረቀት ደረሰኝ ይበቃታል፤ ሦስት ሰርቨር እንድትገዛ የሚመክር ሻጭ ለራሱ የሚያስብ ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌና በደሴ መጋዘን ኖሮት አንድ መዝገብ የሚጠቀም አከፋፋይ ግን ከመግዛቱ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ሁለቱ ሰርቨሮች በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ከሆኑ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ ምስክሩም ከሁለቱ በአንደኛው ቤት ካለ ምስክርነቱ ከዚያ ቤት ጋር ይወድቃል። ርክክቡ በስንት ሴኮንድ እንደሚፈጸምና በመካከሉ ስንት ሒሳብ ሊጠፋ እንደሚችል በውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሁሉ በላይ ይሞከር። ገበያ በማይውልበት ቀን፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ ሻጩ ባለበት የዋናው ሰርቨር ኃይል ይነቀል፤ ሰዓት ተይዞም ከተጠባባቂው ላይ ደረሰኝ እስኪወጣ ይቈጠር። ቀጥሎ አሮጌው ዋና ሲበራ ሹመቱን ልመልስ ብሎ እንዳይነሣ፣ ያመለጠውን ሁሉ ቀድቶ በተጠባባቂነት እንዲቀመጥ ይታይ። ሥርዓት በመውደቂያው ብቻ ሳይሆን በዚህ በመመለሻው ሰዓትም ሊሰናከል ይችላል።